የሚሾም እጅ፣ የሚያስተምር አፍ፦ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመምህርነት ሥልጣን ታሪክ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ክህነት የመስጠት ሥልጣንና ሃይማኖትን የማስተማር ሥልጣን ለረጅም ዘመን በሁለት ወገን እጅ ተከፍለው ኖረዋል። ክህነት የሚሰጡት ከግብፅ የሚመጡት ጳጳስ ሲሆኑ፣ ትምህርት የሚሰጠው ደግሞ በየገዳሙና በየደብሩ ጉባኤ የዘረጋው ሊቅ ነበር። ጳጳሱ የአገሩን ቋንቋና መጻሕፍት አያውቁም፤ ሊቁ በበኩሉ አንድ ዲያቆን እንኳ መሾም አይችልም። የሃይማኖት ክርክር በተነሣ ቁጥር «ማን ያስተምር? በማን ቃል ይፈረድ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። መልሱንም አብዛኛውን ጊዜ የሰጠው ቤተ መንግሥት ነው።

ከእስክንድርያ የሚመጣ ክህነት

ነገሩ የሚጀምረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለአገሩ ጳጳስ እንዲላክ ሲጠይቅ፣ ሊቀ ጳጳሳቱ አትናቴዎስ ራሱን ሾሞ መለሰው። የኢትዮጵያ ትውፊት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚለው እርሱን ነው። ከዚያ ወዲህ 1,600 ዓመት ገደማ የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ መንበር ሲላክ ኖሯል። ልማዱ በፍትሐ ነገሥት የሕግ ጥበቃ አገኘ፤ ለኒቅያ 318 አባቶች የተሰጠ አንድ ቀኖና ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። ቀኖናው ጉባኤው ካለፈ ብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ መሆኑን የዘመናችን ተመራማሪዎች ቢያስረዱም፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል።

ውጤቱ በአንድ ሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ክህነት ነበር። ጳጳሱ ሲሞቱ ተተኪው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ መካከል የሚሾም ቄስና ዲያቆን፣ የሚባረክም ታቦት የለም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚህን ልማድ መልክ በቅርብ አይቶ ጽፏል። በአቡነ ማርቆስ ዘመን በተካሄደ አንድ የሹመት ቀን ከ2,000 በላይ ሰዎች ሜዳ ላይ ተሰልፈው ነበር። ፈታኞቹ ካህናት መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ተሿሚው ቀርቦ ሁለት ሦስት ቃል ያነባል፤ ካነበበ በቀኝ ክንዱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ይደረግበትና ያልፋል። በዲቁናው ሹመት ደግሞ በወንዶች ክንድ የታቀፉ ሕፃናት ጭምር ይቀርቡ ነበር። አልቫሬዝ በዚህ ቢደነቅም ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም፤ ከአቡነ ማርቆስ በፊት አገሩ ለብዙ ዓመታት ያለ ጳጳስ ቆይቶ ስለነበር ነገ ማን እንደሚሾም የሚያውቅ የለም። ሁለት ቃል በማንበብ የተገኘ ክህነት ለመቀደስ ያበቃል። ለማስተማር ግን አያበቃም።

የሊቃውንቱ ወንበር

የማስተማር ሥልጣን የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው። ልጁ ከንባብ ቤት ተነሥቶ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት፣ በመጨረሻም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል። ከወላጆቹ ርቆ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በልመና እየበላ የሚማረው ቆሎ ተማሪ በአንድ ቦታ አይረጋም። ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይጓዛል። እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ ምስክር ቤት አለው። ድጓ በየትም ሊማሩት ይቻላል፤ «ድጓ አስመስክሯል» የሚባለው ግን በቤተልሔም መምህር ፊት ተፈትኖ ያለፈ ሰው ነው።

በመጻሕፍት ቤት ትምህርቱ አራት ጉባኤ አለው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት። ተማሪው የግዕዙን ንባብ ያነባል፣ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉማል። አንድን ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ ሳይወስን «አንድም» እያለ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ይደርባል። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር የነበሩት መምህር ኤስድሮስ ይህን ትርጓሜ አሻሽለው ሲያስተምሩ፣ በነባሩ የጸኑት «ላይ ቤት»፣ እርሳቸውን የተከተሉት ደግሞ «ታች ቤት» ተባሉ። አራቱንም ጉባኤ የፈጸመ ሊቅ «አራት ዓይና» ይባላል። መምህሩ መርቆት ወንበር ሲዘረጋ ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተማሩ ሲወርድ ሲዋረድ ይቆጥራል።

የዚህ ሰው ሥልጣን የሚመነጨው ከመምህሩ ምርቃትና ከዕውቀቱ እንጂ ከጳጳሱ እጅ አይደለም። ቄስ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ታላላቅ መምህራን ከዲቁና ያላለፉ ደብተራዎች ነበሩ። በአንጻሩ የቅዳሴውን ዜማ የሚያውቅ ቄስ የመጽሐፍ ትርጓሜ ላይማር ይችላል፤ ለንስሐ ልጆቹ ከሚሰጠው ምክርና ተግሣጽ ያለፈ ትምህርት አይጠበቅበትም። በሁለቱ መካከል የቆመው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ነበር። እጨጌው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ የመነኮሳት ሁሉ አለቃ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደርና በሃይማኖት ክርክር ቃሉ ከጳጳሱ ቃል የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነበር።

የዕውቀቱ መንገድ ለሴቶች በአብዛኛው ዝግ ቢሆንም ጨርሶ አልተዘጋም። በጎጃም ጽላሎ ከአባታቸው ቅኔ የተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የአባታቸውን ወንበር ወርሰው ብዙ ወንድ ተማሪዎችን ለመምህርነት አብቅተዋል። ሴት ክህነት በማትቀበልበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ሊሆን የቻለው የቅኔ ወንበር ክህነት ስለማይጠይቅ ነው።

ከጳጳሱ የተለዩ ማኅበራት

በሚሾመውና በሚያስተምረው መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ የታየው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። መምህር ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ እንድትከበር አስተማሩ፤ የእስክንድርያ መንበርና ጳጳሳቱ ይህን አልተቀበሉም። ኤዎስጣቴዎስ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ አርመን ተሰደው በዚያው ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ገዳማት መሥርተው ጸኑ፤ ሰንበትን ከማያከብር ጳጳስ እጅም ክህነት ለመቀበል አልፈቀዱም። ጳጳሱ ክህነት በመከልከል ሊያንበረክኳቸው ቢሞክሩ እነርሱ ክህነቱን ትተው ትምህርቱን ያዙ። ማኅበሩ ከመጥፋት ይልቅ ሰፋ።

በ1396 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት ልማዳቸውን እንዲይዙ ፈቀዱላቸው። ፍጻሜውን ያገኘው ግን በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ነው። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የቀዳሚት ሰንበትን መከበር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። መምህራኑ በትምህርቱ፣ ጳጳሳቱ በክህነቱ ረቱ። የዳኝነቱን ወንበር የያዙት ግን ንጉሡ ነበሩ።

ዘርአ ያዕቆብ ከዚያም አልፈው ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። በስማቸው የሚጠሩት እንደ መጽሐፈ ብርሃን ያሉ ድርሰቶች በቤተ ክርስቲያን እንዲነበቡ፣ ካህናትም ሕዝቡን በሰንበታት እንዲያስተምሩ አዘዙ። ይህን ሥልጣን ያልተቀበሉ ነበሩ። በትግራይ የተነሡት አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ለንጉሡ መስገድን እምቢ አሉ፤ ስለ ማርያምና ስለ መስቀል ስግደትም በተነሣው ክርክር ከንጉሡ ትምህርት ጋር ተጋጩ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት እነዚህ መነኮሳት ብርቱ ቅጣትና ስደት ደረሰባቸው።

ካቶሊካውያንና ወለተ ጴጥሮስ

በ1595 ዓ.ም. የመጣው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር በመጽሐፍ እየተከራከረ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ አገኘ። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ፓኤዝ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። የኢትዮጵያ ካህናት ክህነት የማይታመን ስለሆነ እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝቡም እንደገና ይጠመቅ አለ። ይህ ትእዛዝ ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ከሚደረገው ክርክር ይልቅ ተራውን ቄስና ባላገሩን የነካ ነበር፤ አባቶቹ ሁሉ ያለ ጥምቀት፣ ያለ ክህነት ኖረዋል ማለት ነበርና። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

በዚህ ተጋድሎ ከተነሡት አንዷ ወለተ ጴጥሮስ ናት። የመኳንንት ልጅና የሱስንዮስ ባለሟል ሚስት የነበረችው ይህች ሴት ባሏን ትታ መነኮሰች፤ ሕዝቡ የንጉሡን እምነት እንዳይቀበል እያስተማረች በየአገሩ ዞረች፣ ተይዛም ተጋዘች። በኋላ በጣና ዙሪያ ወንዶችና ሴቶች መነኮሳት ያሉባቸውን ማኅበራት መራች። ካረፈች 30 ዓመት ያህል ቆይቶ የተጻፈው ገድሏ አንዳንድ ሊቃውንት ሥልጣኗን እንደተቃወሙ አይደብቅም። ሴት በቤተ ክርስቲያን እንዳታስተምር የሚከለክለውን የሐዋርያውን ቃል ጠቅሰው ምእመናኑ እንዲተዉአት ለማድረግ ሞከሩ። የመለሰላቸው አባ ፈትለ ሥላሴ የተባለ መምህር ነው፤ ወንዶቹ ሥራቸውን ባለመሥራታቸው እግዚአብሔር እርሷን እንዳስነሣ፣ ከእግዚአብሔር የሆነውንም ሥራ ሰው ሊያፈርሰው እንደማይችል ተከራከረላት።

ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ

ካቶሊካውያኑ ከወጡ በኋላ የቀረው ክርክር በሊቃውንቱ መካከል ሆነ። ጥያቄው ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው ቃል ምን ማለት ነው የሚል ነበር። በጎጃም የጸናው ቅባት ሥጋ የባሕርይ ልጅ የሆነው በቅባቱ ነው አለ። ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የተባለው ወገን ከአብና ከድንግል ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት ቆጠረ፤ ይህ ትምህርት በኋላ ዘመን በሸዋ በረታ። ካራ የተባሉት ተዋሕዶዎች ደግሞ ክብሩ በተዋሕዶ የተገኘ ነው፣ ወልድ ራሱ ቀቢ፣ ራሱ ተቀቢ፣ ራሱ ቅብ ነው ብለው መለሱ።

ከፋሲለደስ ጀምሮ በጎንደር ጉባኤ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ሊቃውንቱ በንጉሡ ፊት ይከራከራሉ፤ ጳጳሱ በአስተርጓሚ ይሰማሉ፤ ንጉሡ የረታውን ያውጃሉ፤ ቀጣዩ ንጉሥ ወይም ቀጣዩ ጳጳስ ሲመጣ ፍርዱ ይገለበጣል። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (1708–1713 ዓ.ም.) ንጉሡ ለቅባት ሲፈርዱ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በአዋጁ አንገዛም አሉ፤ በጎንደር በወታደር ተጨፈጨፉ። በዘመነ መሳፍንት ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ትምህርት ያዘ። በ1834 ዓ.ም. የመጡት አቡነ ሰላማ ሦስት ልደትን ቢያወግዙም የሚያስፈጽምላቸው ጉልበት አልነበረም። እንዲያውም ከጎንደር ተባረሩ። ያን ጉልበት ያገኙት ከደጃዝማች ካሣ ነው። ሁለቱ ተስማምተው በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ጉባኤ ተዋሕዶ ብቻ እንዲታመን ታወጀ፤ ካሣም በዓመቱ በአቡኑ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ጳጳሱ ዘውድ ሰጡ፣ ንጉሡ የማስተማር ፈቃዱን ለአንድ ወገን አጸኑ።

የመጨረሻው ታላቅ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ የተደረገው ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቀ መንበር፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ታዳሚ ሆነው የየወገኑ ሊቃውንት ተከራከሩ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ጳጳስ አልነበረም፤ አቡነ አትናቴዎስ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተዋል፣ አራቱ አዳዲስ ጳጳሳትም የመጡት ከጉባኤው ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ የእስክንድርያን ቃል የተካው ከፓትርያርኩ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ተነበበ፣ ፍርዱ ለተዋሕዶ ሆነ፣ በሌላ ትምህርት መጽናትም በመንግሥት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ቦሩ ሜዳ በኋላ በመምህር አካለ ወልድ ጉባኤ ታዋቂ የመጻሕፍት ትምህርት ቦታ ሆነ።

የታተመ መጽሐፍና ሚስዮን

ክርክሩ በሊቃውንቱ መካከል ሳለ ሌላ የማስተማሪያ መንገድ እየተከፈተ ነበር። አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቁት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ የተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ታተመ። ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን እርሱን እያደሉ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያለ ትርጓሜ ቤት ምስክር ቃሉን ሊረዳ እንደሚችል አስተማሩ። ለሊቃውንቱ ይህ ንባብን ከመምህር መለየት ነበር፤ «አንድም» ያልሰማ ሰው መጽሐፍ ይዞ ሊያስተምር አይገባም ብለው ተቃወሙ።

መንግሥት ለጉዳዩ የሰጠው መልስ ጂኦግራፊያዊ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በወጣው የሚስዮን ድንጋጌ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። የኦርቶዶክስ ሕዝብ በሚበዛበት «የቤተ ክርስቲያን ክልል» የውጭ ሚስዮን ሃይማኖቱን እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ «ክፍት ክልል» በተባለው ተፈቀደለት። የትምህርቱ ቋንቋም በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ።

በኋላ ክፍት በተባለው ክልል ግን ከድንጋጌው አስቀድሞ የሆነው ሚስዮናውያኑም ያልጠበቁት ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የውጭ ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የቀሩት 48 የተጠመቁ አማኞች ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቁጥራቸው ወደ 10,000 ተጠግቶ ተገኘ። ያስተማሯቸው ከኮሌጅ ያልወጡ፣ ብዙዎቹም ማንበብን ገና የተማሩ የአገሩ ገበሬዎች ነበሩ። ከዚህ የወጣው ወንጌላዊነት ማስተማርን የአማኝ ሁሉ ግዴታ አድርጎ ያያል። ይሁን እንጂ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ጥያቄው አልቀረም፤ መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትቋቋም በቄስ መዋቅር ተደራጀች፣ ሴቶችን በቅስና የሾመችው ግን ከረጅም ውይይት በኋላ በ1990ዎቹ ነው።

የአገር ጳጳስና የስብከት ፈቃድ

የእስክንድርያው ሰንሰለት የተፈታው ቀስ በቀስ ነው። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ፤ እነርሱ ግን ሌላ ጳጳስ መሾም አይችሉም ነበር። በ1940 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት እጨጌ የነበሩት አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሾመው እጅና የሚያስተምረው አፍ በአንድ ሲኖዶስ ሥር ገቡ። ጳጳሳቱ ራሳቸው የቅኔ ቤትና የመጻሕፍት ቤት ልጆች ነበሩና።

በዚያው ዘመን የትምህርቱም መልክ ተለወጠ። ቀድሞ ከቅዳሴ በኋላ ስብከት ብርቅ ነበር፤ ሕዝቡ የሚሰማው ስንክሳርና ተአምረ ማርያም ነው። የሥላሴ ኮሌጅና የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት የስብከት ሥልጠና ሰጡ፣ በ1954 ዓ.ም. አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ወጣ፣ እንደ ተምሮ ማስተማርና ሃይማኖተ አበው ያሉ የወጣት ማኅበራት ተነሡ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን አብረው የሚቀመጡበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቋመ። ያልተሾመ ወጣት በሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማሩ ልማድ ሆነ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዞ ወደዚሁ ሥራ ገባ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ካሴት፣ በኋላም ቴሌቪዥንና ማኅበራዊ ሚዲያ ከደብር አለቃው ቁጥጥር ውጭ ስማቸው የገነነ ሰባኪያንን አፈሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ማንም ሰው ከሀገረ ስብከት ወይም ከሚመለከተው መምሪያ ፈቃድ ሳይዝ በዐውደ ምሕረት እንዳይሰብክ መመሪያ አወጣች። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ማረጋገጫ ጎን ለጎን ይሠራል፤ ጳጳሱ የሚሰጡት ክህነት፣ መምህሩ የሚሰጠው ምስክር፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚጽፈው የፈቃድ ደብዳቤ። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ላይገኙ ይችላሉ፤ በየአጥቢያው የሚነሣው አለመግባባትም ብዙውን ጊዜ የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ነው።

የሿሚው ማንነትም እንደገና አከራካሪ ሆኗል። ደርግ ፓትርያርክ ቴዎፍሎስን አውርዶ ሌላ ሲያስመርጥ እስክንድርያ አልተቀበለችም። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆርዮስ በሕይወት ስለነበሩ በስደት ሌላ ሲኖዶስ ተቋቋመ። በአሜሪካ ያሉ አጥቢያዎችም የአዲስ አበባውን የሚከተሉ፣ የስደተኛውን የሚከተሉና ገለልተኛ በሚል ተከፋፈሉ፤ ልዩነቱ በቅዳሴ ላይ በሚጠራው የፓትርያርክ ስም ይታወቅ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተደረሰው ዕርቅ አቡነ መርቆርዮስ በጸሎትና በቡራኬ፣ የአዲስ አበባው ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲቀጥሉ ተወሰነ። በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ውሳኔ በኦሮሚያ ከ20 በላይ መነኮሳትን ጵጵስና ሲሾሙ፣ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ምእመናኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አለመማራቸው ነበር። ሲኖዶሱ ሹመቱን ሽሮ አወገዘ፤ በቀጣዩ ወር በመንግሥት ሸምጋይነት ስምምነት ተደረሰ። ስምምነቱ የመሾምን ሥልጣን ለሲኖዶሱ አጸና፤ በሕዝቡ ቋንቋ የሚያስተምሩ አገልጋዮችን የማብዛት ግዴታም አብሮ ተቀምጧል።